መድኃኒቱን የደበቀ

ወገኖቼ፣ «በሽታውን የደበቀ መድኃኒት አይገኝለትም» ሲባል እየሰማን አደግን። ተረቱ ለእኛ ዘመን አጠረ። እኛ በሽታውን ለሐኪም እንናገራለን፤ የምንደብቀው መድኃኒቱን ነው።

ገጠር ጤና ጣቢያ ነርስ ሆኜ ስሠራ የቲቢ መድኃኒት የጀመረች ሴት ዓይኗ ቢጫ ሆኖ መጣች። «ሌላ የወሰድሽው ነገር አለ?» አልኳት። «ኧረ ምንም» አለች፣ ነጠላዋን አፏ ላይ አድርጋ። እህቷ ናት በኋላ ደጅ ላይ ሹክ ያለችኝ፤ «የወፍ በሽታ ነው» ተብሎ ሁለት ሳምንት ሙሉ በየማለዳው የቅጠል ጭማቂ ስትጠጣ ከርማለች። ልብ በሉ። የቲቢ ኪኒን አንዳንድ ሰው ላይ ጉበት እንደሚጎዳ የታወቀ ነው። ዓይኗ ቢጫ ማለት ሲጀምር ብትመጣ ኪኒኑን አቁመን፣ ጉበቷ ሲያገግም መልሰን እንጀምርላት ነበር። እሷ ግን ኪኒኑንም እየዋጠች ቅጠሉን ደረበችበት። ቅጠሉ ጠቅሟት ይሁን ጎድቷት ዛሬም አላውቅም፤ የሰጣት ሰው የምን ቅጠል እንደሆነ ለማንም አይናገርማ!

ለምን ደበቀችኝ? ስለምቆጣ ነዋ። ወረፋ ይዘው የተቀመጡት ሁሉ እየሰሙ «ማን ጠጪ አለሽ!» ብዬ ሌላዋን ስሰድብ ሰምታለች። ስለዚህ ተግሳጹ ከራሴና ከሙያ ጓደኞቼ ይጀምር። ነጭ ጋዋን የለበስን ሁሉ ቤታችን ገብተን ምች ሲመታን ዳማከሴ እናሻለን፣ ሆድ ሲቆርጠን ጤና አዳም ቡና ላይ ጣል እናደርጋለን። በማግስቱ ሌላውን «ሥር ማሽ፣ ቅጠል በጣሽ» እንላለን። የሰደብነው ሰው እውነቱን አይነግረንም፤ እውነቱን ካልነገረን ደግሞ የምናክመው በጭፍን ነው።

መድኃኒት አዋቂዎች ሆይ፣ እናንተም አታመልጡም። «ስሙ ከተጠራ ኃይሉ ይጠፋል» ትላላችሁ። እ.ኤ.አ. በ1964 ዶክተር አክሊሉ ለማ አድዋ ላይ እናቶች በእንዶድ ልብስ ሲያጥቡ፣ ከሚያጥቡበት በታች ያሉት ቀንድ አውጣዎች ሞተው አየ። ቢልሃርዚያ የሚባለውን የትል በሽታ የሚያስተላልፉት እነዚያ ቀንድ አውጣዎች ናቸው። ያ ነገር እስከ ዓለም አቀፍ ሽልማት ደረሰ፤ በ1989 እ.ኤ.አ. አክሊሉና የምርምር ባልደረባው ለገሠ ወልደ ዮሐንስ «አማራጭ ኖቤል» የሚባለውን ተሸለሙ። እናቶቹ እንዶዱን በአደባባይ ባያጥቡበት ኖሮ ማን ያይ ነበር? የእንዶድ ኃይል ስሙ ስለተጠራ አልጠፋም። የሚጠፋው አባት ለልጁ «ነገ እነግርሃለሁ» እያለ ሲሞት ነው።

ደግሞ ስፍሩ። ኮሶ ትል ያወርዳል፤ ሲበዛ ግን ዓይን ሊያጠፋ፣ ፅንስም ሊያስወርድ ይችላል። «ስንት ይጠጣ?» ሲባል መልሱ «አንድ ጭብጥ» ነው። የማን ጭብጥ? የአራሹ ወይስ የሙሽራዋ?

ወጌሻን አልነቅፍም። የወለቀ ትከሻ ጫን፣ ጎተት አድርጎ ሲመልስ በዓይኔ አይቻለሁ። የሚያስፈራኝ ስብራቱን አጥብቆ የሚያስርበት ቀርከሃ ነው። የተሰበረ እጅ ያብጣል፤ ቀርከሃው ግን አብሮ አይሰፋም። የልጁ ጣት ሲቀዘቅዝ፣ ሲደነዝዝ፣ ሲጠቁር «ቻለው፣ አጥንቱ እየያዘ ነው» ይባላል። ደም ያጣ ጡንቻ በ6 ሰዓት ገደማ መሞት ይጀምራል። በአገራችን እጃቸውን ከሚያጡ ሕፃናት ብዙዎቹን ለዚህ ያበቃቸው ይኸው አጥብቆ ማሰር ነው። ይህን ለወጌሻው ለማስረዳት ሦስቱ የቡና ስኒ ይበቃል፦ ጣቱን ጠዋት ማታ እይ፤ ከቀዘቀዘ ፍታና ወደ ጤና ጣቢያ ላክ። ማን ጠርቶት ያውቃል? የጤና ኤክስቴንሽን በ1995 ዓ.ም. ሲጀመር በየቀበሌው ሁለት ሁለት ሴቶች ተመደቡ፤ ዛሬ ቁጥራቸው ከ30 ሺህ በላይ ነው። ሽንት ቤት አስቆፈሩ፣ ልጆቻችንን አስከተቡ። ወጌሻው ከጤና ኬላው አጥር ማዶ እየኖረ በኤክስቴንሽኑ የሥራ ዝርዝር ውስጥ ግን ቦታ አላገኘም። እናንተስ ቀበሌ ስብሰባ ላይ ስለ ማዳበሪያ ስትጨቃጨቁ አንድ ቀን «ወጌሻችንን አሠልጥኑልን» ብላችኋል?

አይቻልም እንዳትሉኝ። ብዙ ጤና ጣቢያ ለወላድ ገንፎ መገንፋት፣ ቡና ማፍላት ከጀመረ ወዲህ «ቤቴ ነው የምወልደው» ይሉ የነበሩ እናቶች መምጣት ለምደዋል። የፀረ ኤችአይቪ መድኃኒትና ጠበልም እንዲሁ ተጣልተው ነበር። ኪኒኑን ጥለው ወደ ጠበል የሄዱ ስንቶች አለቁ! በ1999 ዓ.ም. ፓትርያርኩ አቡነ ጳውሎስ ሁለቱ አይጋጩም፣ ጠበሉንም መድኃኒቱንም ውሰዱ ብለው በአደባባይ ተናገሩ። አንድ ከንፈር ሲከፈት የስንቱ ሰው ነፍስ ተረፈ። (ክታብና ክትባት የአንድ ግስ ልጆች መሆናቸውንስ አስተውላችኋል? የምናጣላቸው እኛ ነን።)

አንድ ነገር ላይ ግን አልደራደርም። ያበደ ውሻ የነከሰውን ሰው ይዛችሁ ቅጠል ፍለጋ አትሂዱ። ቁስሉን በውሃና በሳሙና 15 ደቂቃ እጠቡ፣ በዚያው ቀን ወደ ክትባቱ ሩጡ። ምልክቱ አንዴ ከታየ በኋላ የሚያድን መድኃኒት ከእኛም ዘንድ የለም፣ ከአዋቂውም ዘንድ የለም።

ነገ ጤና ጣቢያ ስትሄዱ ጠርሙሱን ነጠላ ሥር አትሸሽጉት፤ ጠረጴዛው ላይ አኑሩት። ነርሷ ብትጮህባችሁ ጩኸቷን አሳልፉና ደግማችሁ ንገሯት፦ ይህን ጠጥቻለሁ፣ ይህን ያህል፣ ከዚህ ቀን ጀምሮ።