እርማት፦ «ድሃ ልጅ ስለሚያበዛ ነው የማያልፍለት» ስለሚለው አስተያየት

በአዲስ አበባ ዳርቻ፣ በቱሉ ዲምቱ አካባቢ ስለሚኖሩ ተከራዮች ሲጽፉ «ድሃው ልጅ ስለሚያበዛ ነው የማያልፍለት» ማለትዎ እርማት ይሻል። በ2016 እ.ኤ.አ. በተካሄደው የኢትዮጵያ የሥነ ሕዝብና ጤና ዳሰሳ መሠረት፣ አንዲት ሴት በዕድሜዋ የምትወልዳቸው ልጆች አማካይ ቁጥር በአገር ደረጃ 4.6 ሲሆን፣ እጅግ ድሃ በሆኑት ቤተሰቦች 6.4፣ እጅግ ሀብታም በሆኑት 2.6 ነው፤ እስከዚህ ድረስ አልተሳሳቱም። ነገር ግን ከእነዚህ ድሆች አብዛኞቹ የገጠር ነዋሪዎች ናቸው፤ በዚያ ልጅ ከብት ይጠብቃል፣ ውኃ ይቀዳል፣ ለእርጅናም መጦሪያ ነው። አዲስ አበባ ግን በዚያው ዳሰሳ 1.8 ላይ ትገኛለች፤ ይህም ትውልድን ለመተካት ከሚያስፈልገው 2.1 ያነሰ ነው። በከተማዋ ዳርቻ አከራይ ገና በር ላይ «ልጅ አላችሁ?» ብሎ ስለሚጠይቅ፣ ኪራይና ሥራ ማጣትም ጋብቻን ራሱን ስለሚያዘገዩ፣ ድህነት እዚህ መውለድን የሚገታበት ጊዜ ብዙ ነው (ይህን ማንም ተከራይ ይነግርዎታል)። የድህነት ጉዳት ይበልጥ የሚታየው በጤና ላይ ነው፤ በመንግሥት ጤና ጣቢያ የእርግዝና ክትትል በነፃ ቢሰጥም፣ በቀን ሥራ የምትተዳደር ነፍሰ ጡር ወረፋ ስትጠብቅ የዕለት ገቢዋን ታጣለች።