«ስንት ወጣ?»

ውጭ አገር ቀላል ቀዶ ሕክምና የተደረገለት ሰው ብዙ ጊዜ በዚያው ቀን ወደ ቤቱ ይሸኛል። አንዳንዱ ጎኑ ላይ ቀጭን ቱቦ፣ ከጫፉም በእጅ የምትጨበጥ የጎማ ኳስ ተንጠልጥላለት ነው የሚወጣው። ድሬን ይሉታል። ቁስሉ ውስጥ የሚጠራቀመውን ደምና ፈሳሽ ስቦ ያወጣል። ነርሷ አንዴ ታሳይሃለች፣ ወረቀት ትሰጥሃለች፣ በቃ። ከዚያ በኋላ ነርሱ አንተው ነህ።

አገር ቤት ላደገ ሰው ይህ ጭካኔ ይመስላል። እኛ ዘንድ በሽተኛ ምንም አይነካም። ቀና ሊል ሲሞክር «ኧረ ተኛ!» ይባላል። ፍቅር ነው፣ ይገባኛል። እዚህ ላይ ግን ከሐኪሞቹ ጋር ነኝ። ተኝቶ መዋል እግር ውስጥ ደም እንዲረጋ ያደርጋል። ቤት ውስጥ ቀስ እያሉ ወዲያ ወዲህ ማለት ይሻላል። የሚከለከለው ከባድ ዕቃ ማንሳትና ገንዳ ውስጥ መዘፍዘፍ ነው። ኳሷም ቱቦውን እንዳትጎትት፣ ከቁስሉ ዝቅ ብላ ልብስ ላይ በመርፌ ቁልፍ ትያያዛለች።

ማፍሰሱ ቀላል ነው። እጅን ታጥቦ፣ ክዳኗን ከፍቶ መስፈሪያ ውስጥ መገልበጥ። ብዙ ሰው የሚስተው ቀጥሎ ያለውን ነው፤ ኳሷን ጨምቆ፣ እንደተጨመቀች መክደን። አየር ሞልቷት ከተከደነች አትስብም። እንዲያው ጌጥ ናት።

ከዚያ ይጻፋል፦ ስንት ሰዓት፣ ስንት ሚሊ ሊትር፣ ምን ቀለም። ቀዩ እያደር ሮዝ፣ ከዚያም ፈዘዝ ያለ ቢጫ ይሆናል። ዘመድ ሲደውል «ተሻለህ ወይ?» ይላል። ሐኪሙ የሚጠይቀው «ስንት ወጣ?» ብሎ ነው። ብዙዎቹ ድሬኑን የሚያወጡት በ24 ሰዓት ውስጥ የሚወጣው ከ30 ሚሊ ሊትር በታች ሲወርድ ነው። ካልተጻፈ በምን ይታወቃል?

እዚህ የሚያስፈራኝ ብቻውን የሚኖረው ሰው ነው። በማስታገሻ ደንዝዞ ተኝቶ ኳሷ ድንገት በደማቅ ቀይ ደም ብትሞላ ማን ያይለታል? ፈሳሹ በአንዴ ቆሞ ቁስሉ ቢያብጥ፣ ትኩሳት ቢነሳ፣ መግል ቢታይ ቶሎ ሐኪም ጋ መደወል አለበት። የአገር ቤቷ አስታማሚ እዚህ ብትኖር ምን ነበረበት! እስክሪብቶ ይዛ፣ «ተኛ» ማለቱን ትታ።

ድሬኑ ሲወጣ የደቂቃ ሥራ ነው። ቀዳዳው ለአንድ ሁለት ቀን ትንሽ ሊያዥ ይችላል፣ በፋሻ ይሸፈናል። ዕቃ ለመሸከም ግን አሁንም የሐኪሙ ፈቃድ ይጠበቃል።