ነጩ ገጽ

«ልጄ፣ የኔ ስልክ ነው የተበላሸው ወይስ አንተ ምንም አልሠራህም?»

እንዲህ አሉት አንድ የሎጅ ባለቤት፣ በሰው ፊት፤ ዌብሳይት የሚሠራ ልጅ የሥራ ማሳያ ዌብሳይቱን ሊንክ ልኮላቸው ሲከፍቱት ነጭ ገጽ ብቻ ሆነባቸው። «ጋሼ፣ ትንሽ ይታገሡኝ፣ ኔትወርኩ ነው» አለ። ታገሡት። ቡናው መጣ፣ ተጠጣ፣ ገጹ ያው ነጭ። «የራስህን መክፈት አቅቶህ ነው የኔን ሎጅ ዌብሳይት የምትሠራልኝ?» ብለው ስልካቸውን ኪሳቸው ከተቱና ወደ ዘጌ የምትሄደውን ጀልባ ሊይዙ ተነሡ። የልጁን ፊት ማየት አልቻልኩም።

ሰውየው እኮ አላጠፉም! ይሄ ነው የሚያናድደኝ። ልጁም ሰነፍ አይደለም፤ ኮዱን አይቼዋለሁ፣ ጥሩ ነው። ኔትወርኩም አይደለም። ማታ የሪፖውን (ኮዱ ጊትሃብ ላይ የተቀመጠበትን ማኅደር) ስም አሳምሮ ቀየረ፣ በቪት (ኮዱን ለድር በሚያዘጋጀው መሣሪያ) ኮንፊግ ውስጥ ያለው «ቤዝ»፣ የገጹ መነሻ መንገድ፣ ግን የድሮው ስም ላይ ቀረ። ገጹ የተጫነበት ጊትሃብ ፔጅስ አድራሻውን ከሪፖው ስም ጋር ይቀይረዋል። ኤችቲኤምኤሉ ይደርሳል፣ ጃቫስክሪፕቱን ግን በድሮው መንገድ ይፈልገዋል፣ 404፣ «አልተገኘም»። ገጹን የሚሞላው ሪአክት (የጃቫስክሪፕት ላይብረሪ) ካልደረሰ ደግሞ ኤችቲኤምኤሉ ውስጥ ያለው «ሩት» ዲቭ የሚባል ባዶ ሣጥን ብቻ ነው። ነጭ። ቤዙን ማስተካከል፣ እንደገና ቢልድ ማድረግ (ኮዱን ለድር ማዘጋጀት)፣ መጫን። አለቀ! ሎካልሆስት ላይ፣ በራሱ ኮምፒውተር፣ ስለሠራ ተጨንቆ አላየውም፤ ሊንክ ከመላክ በፊት በሌላ ሰው ስልክ፣ በዳታ፣ ዋይፋይ አጥፍቶ መክፈት ነው፣ ሌላ መንገድ የለውም።

ይሄ ቢስተካከልም ገና ነበር። ከመነሻው ገጽ ተነሥቶ «ፕሮጀክቶች» ሲነካ ይሠራል፤ እዚያው ሪፍሬሽ ሲደረግ ግን 404፣ ምክንያቱም ሰርቨሩ ላይ በዚያ ስም የተቀመጠ ፋይል የለም። ኢንዴክሱን (የመነሻ ገጹን ፋይል) «404.html» ብሎ መቅዳት ወይም የገጹን ስም ከ«#» በኋላ የሚያስቀምጠውን ሃሽ ራውተር መጠቀም ነው። ቴሌግራም ላይ ሲላክ ደግሞ ሥዕልም ርዕስም አይወጣም። ቴሌግራም ጃቫስክሪፕት አያስኬድም! ሥዕሉንና ርዕሱን የሚነግሩት የኦፕን ግራፍ ታጎች መጀመሪያውኑ ኤችቲኤምኤሉ ውስጥ መኖር አለባቸው። እዚህ አገር ሥራ የሚመጣው በቴሌግራም መሆኑን የትኛው ቱቶሪያል ነገራቸው?

ስለ ቱቶሪያል ካነሣን፦ ሁሉም ያንኑ ጥቁር ገጽ፣ ያንኑ የሚሽከረከር ሉል፣ ያንኑ «ጃቫስክሪፕት 85%» የሚል የችሎታ መለኪያ። የቀረው 15% የቱ ነው? ማን ለካው? በሱ ቦታ አንድ የሠራኸውን ሥራ፣ ምን ችግር እንደፈታ በሦስት መስመር ጻፍልኝ! ፎቶው ደግሞ ከስልክ እንደወጣ፣ አንዱ 5 ሜጋባይት፣ ስድስት ፎቶ። የሰው ካርድ ነው የምታቃጥሉት። ስፋቱን 1200 ፒክስል፣ ዌብፒ (ቀለል ያለ የፎቶ ፋይል)፣ ጥራት 75፤ ከታች ያሉትን «ሌዚ»፣ ሰው ሲቀርባቸው ብቻ እንዲወርዱ። ስፋትና ቁመቱን ታጉ ውስጥ ካልጻፋችሁ ገጹ እየተነበበ ይዘላል።

አማርኛውማ አያድርስ። የመረጡት ፎንት የአማርኛ ፊደል የለውም፣ ስለዚህ ስልኩ ያገኘውን ይለጥፋል፣ ርዕሱ ሌላ መልክ፣ ጽሑፉ ሌላ መልክ። ኖቶ ሳንስ ኢትዮፒክ፣ በዎፍ2 (ለድር የተጨመቀ የፎንት ፋይል)፣ ሁለት ውፍረት ብቻ፤ የመስመር ክፍተቱን 1.7 አድርጉት፣ ፊደላችን በጠባብ መስመር ይታፈናል። የገጹን ቋንቋ በሚናገረው «ላንግ» ላይ «ኤኤም» (am፣ አማርኛ) መጻፍ ሁለት ሆሄ ነው፣ ለምን ይቀራል?

የኢሜይል አገልግሎት ሚስጥራዊ ቁልፍ ስሙ በ«ቪት» በሚጀምር ኤንቭ (የቅንብር ተለዋዋጭ) ውስጥ የምታስቀምጡም አላችሁ። እሱ እኮ ለጎብኚው በሚላከው ባንድል ውስጥ ገብቶ ለማንም ይታያል! ባለፈው ሳምንት ለሌላ ልጅ ይህንኑ ነገርኩ፣ ዛሬም እዚያው ነው። ደክሞኛል።

አምስት ገጽ፣ የማይቀያየር ጽሑፍ ከሆነ ሪአክት ግድ አይደለም። አስትሮ የሚባለው የድር ገጽ መሥሪያ ካልጠየቃችሁት በቀር ጃቫስክሪፕት አይጭንም፣ ንጹሕ ኤችቲኤምኤል ነው የሚያወጣው፤ ያኔ ቢያንስ ጽሑፉ ይታይ ነበር። ፓኬጆችን በሚያወርደው ኤንፒኤም ኢንስቶል መሃል ላይ መብራት ሄዶ የተቋረጠባችሁም ኖድ ሞጁልስን (ፓኬጆቹ የሚወርዱበትን ፎልደር) አጥፍታችሁ፣ ሎክ ፋይሉን (የፓኬጆቹን ስሪት የሚይዘውን) ሳትነኩ «ኤንፒኤም ሲአይ» በሉ። በኤንፒኤም ፋንታ ፒኤንፒኤም ብትለምዱ ደግሞ አንዴ የወረደው ፓኬጅ ለሚቀጥለው ፕሮጀክት ያገለግላል፣ ዳታ ይተርፋል።

ልጁ አሁን ደወለልኝ። ቤዙን አስተካክሎ ጭኖታል፣ በእናቱ ስልክ በዳታ ከፍቶታል፣ ወጥቷል። ሊንኩን ለጋሼ መልሶ ላከላቸው። አይተውታል፣ መልስ የለም።