የሙሽራዋ አባት ሒሳብ

«ፋዘር ኦፍ ዘ ብራይድ» የተባለው የአሜሪካ ፊልም ሦስት ጊዜ ተሠርቷል፤ እ.ኤ.አ. በ1950፣ በ1991 እና በ2022። ሴት ልጁን የሚድር አባት ታሪክ ነው፤ መጀመሪያ ስፔንሰር ትሬሲ፣ ቀጥሎ ስቲቭ ማርቲን፣ በመጨረሻ አንዲ ጋርሲያ ተጫውተውታል። ሦስቱንም ማየት ያሰበ ከ1950ው ይጀምር። ጥቁርና ነጭ ነው ብሎ የዘለለው ሰው የ1991ዱ ቀልድ ግማሹ ያመልጠዋል።

ውጭ አገር ልጅ የዳረ ሐበሻ ግን ልቡ የሚቀረው 1991ዱ ላይ ነው። ድግሱ ለአንድ ሰው 250 ዶላር መሆኑን ሲሰማ አባትየው ክው ይላል። ቆይቶ ሱፐርማርኬት ገብቶ የሆት ዶግ ዳቦ ላስቲክ መቅደድ ይጀምራል። ቋሊማው የታሸገው 8 ሆኖ፣ ዳቦው 12፤ ለማልፈልገው 4 ዳቦ አልከፍልም ብሎ ትርፉን እያወጣ ነው። መጨረሻው እስር ቤት ይሆናል። በሰው ራስ የሚቆጠረው ድግስ ያናደደውን ዳቦው ላይ ተወጣው።

አዲስ አበባም ዛሬ ሆቴል የያዘ በሰው ራስ ይከፍላል። በድንኳን የሚደገስ ሠርግ ግን ሌላ ነው። ድንኳኑ፣ አግዳሚው፣ ብረት ድስቱና ሳህኑ ከእድር ይመጣል፤ ሽንኩርቱን ጎረቤት ይከትፋል፤ ጠላው ቀደም ብሎ ይጠነሰሳል። በሬው ከታረደ በኋላ 20 ሰው ቢጨመር ወጡ ይቀጥናል እንጂ ሌላ ደረሰኝ አይመጣም።

ዋሽንግተን ወይም ዳላስ የሚድር አባት ሁለቱም ይደራረቡበታል፤ ዋጋው የአሜሪካ፣ የእንግዳው ብዛት የአገር ቤት። 400 ሰው በ250 ሲባዛ 100,000 ዶላር ነው፤ ያውም በ1991 ዋጋ። አዳራሹ የመጨረሻውን ቁጥር ብዙ ጊዜ ሠርጉ አንድ ሁለት ሳምንት ሲቀረው ይጠይቃል። እዚህ ላይ ነው ነገር የሚበላሸው፤ የኛ ሰው «እመጣለሁ፣ አልመጣም» ብሎ መመለስ ይከብደዋል፣ ልጆቹን ቤት ትቶ መምጣትም እንዲሁ። በሳህን እየተቆጠረ የሚቀርብ ራት የተዋዋለ ቤተሰብ ወንበር ጎድሎበት የሙሽራዋ እናት ቆማ ታመሻለች። የለመዱት ከውጭ ምግብ ማስገባት የሚፈቅድ አዳራሽ ፈልገው፣ ወጡን ሐበሻ ምግብ ቤት አዝዘው በቡፌ ያቀርባሉ። ውሉ ላይ የኢንሹራንስና የጽዳት ክፍያ እንዳለ ቀድሞ ማየት ነው። መልሱ ሌላ ቀን፣ ሌላ ኪራይ መሆኑም ይረሳል።

የ2022ቱ ማያሚ ያለ የኩባ ቤተሰብ ነው፤ ወንዱን እንጋባ ብላ የጠየቀችው ልጅቷ ናት። ለኛ አባቶች ይኼኛው ሳይቀርብ አይቀርም። ዛሬ በብዙ ቤት ሽማግሌ የሚላከው አዳራሹ ከተያዘ በኋላ ነው፤ ሽማግሌዎቹም ይህን እያወቁ ኮስተር ብለው «ልጃችሁን ለልጃችን» ይላሉ። አባትም እንደ አዲስ ሰምቶ «እንመካከርበት» ይላል።

በ1950ውም በ1991ዱም መጨረሻ አባትየው በእንግዳ መሐል ሲጋፋ ልጁ ሳይሰናበታት ትሄዳለች፤ በኋላ በስልክ ትደውልለታለች። እኛ ዘንድ ሙሽራ ከቤት የምትወጣው ተቀምጠው የሚጠብቋትን ወላጆቿን ጉልበት ስማ፣ ተመርቃ ነው። ውጭ አገር ይህን የሚያደናቅፈው ሰዓት ነው፤ ሊሞዚኑ በሰዓት ተከራይቷል፣ ቤተ ክርስቲያኑ ተራ አለው፣ ፎቶ አንሺው «አንዴ ድገሙት» ይላል። ለምርቃት ግማሽ ሰዓት ካልተያዘ፣ አባት «ውለዱ፣ ክበዱ» ብሎ ሳይጨርስ ሚዜው በሩን ከፍቷል።