«ፖለቲካ ነው፣ ተይው» አትበሉኝ

«ፖለቲካ ነው፣ ተይው፤ ጓደኝነታችሁ ይበልጣል» የሚለኝ ሰው በዛ። እንዴት ነው የምተወው? ከጓደኛዬ ጋር ስለ ምርጫ ወይም ስለ ግብር ብንከራከር እኮ ችግር አልነበረም። እስኪነጋ ተጨቃጭቀን ጠዋት እንደዋወል ነበር።

እኔን የሚያንገበግበኝ ሌላ ነው። ሰዎች ተገደሉ የሚል ዜና ሥር የሚስቅ ፊት የለጠፈችው እሷ ናት። ታምሜ ስተኛ ሌሊቱን ሙሉ አጠገቤ ቁጭ ብላ ያደረችው፣ ያቺው ልጅ! ያቺን ቢጫ ምልክት አይቼ ስልኩን አስቀመጥኩት። መልሼ አነሳሁት። እጇ አዳልጧት ይሆናል ብዬ ተስፋ አደረግሁ። ስጠይቃት ግን «ይገባቸዋል» አለችኝ።

አሁን ስንደዋወል «ደህና ነሽ? ሥራ እንዴት ነው?» እንባባላለን። ከዚያ ዝም። ሁለታችንም የማንነካው ነገር መሃላችን ተጋድሟል። ግንኙነትን መጠበቅ የሚሉት ይሄን ነው?

«ቁረጫት» የሚሉኝም አሉ። ለእነሱ ቀላል ነው። ሰው እንደ ስልክ ቁጥር አይሰረዝም። እናቷ እኮ «ልጄ» ነው የሚሉኝ። እወዳታለሁ፣ የምትለው ነገር ደግሞ ያመኛል። ሁለቱን አንድ ልብ ውስጥ ማሳደር አቃተኝ።

ደግሞስ ሁሌ «ታገሺ» የሚባለው የከፋው ሰው ብቻ የሆነው ለምንድን ነው? እሷን «እስቲ የተናገርሽውን መለስ ብለሽ አስቢው» የሚላት አንድ ሰው ይጥፋ? እኔ ስላት መልሷ «ስሜታዊ ሆነሻል» ነው። አዎ፣ ሆኛለሁ! ሰው ሞቶ ስሜታዊ ካልሆንኩ መቼ ልሁን?