የአጫጫን መመሪያውም እንደ ኮዱ ይፈተን

የአንድን ክፍት ምንጭ ዌብ አፕሊኬሽን ስህተት አስተካክላለሁ ብሎ የሚነሳ ሰው ከኮዱ በፊት የሚጋፈጠው የአጫጫን መመሪያውን ነው። አፕሊኬሽኑ በገዛ ኮምፒውተሩ ላይ ካልተነሳለት የሦስት መስመር እርማት እንኳ ማበርከት ይቸግረዋል። ደህና በሚመራ ፕሮጀክት ኮድ ሌላ ሰው ሳያየው አይገባም፣ ፈተናውን ሳያልፍም አይቀላቀልም። መመሪያው ግን አንዴ ከተጻፈ ወዲያ ዞር ብሎ የሚያየው የለም። ሪድሚ በሚባለው የፕሮጀክቱ ማብራሪያ ፋይል ላይ የሰፈሩት ትዕዛዞች በጸሐፊያቸው ኮምፒውተር ላይ ያለችግር ይሠራሉ፤ እዚያ ዳታቤዙ ቀድሞ ተጭኗል፣ የይለፍ ቃሉ ተቀምጧል፣ መመሪያው ያልጠቀሰው ላይብረሪም (ሌሎች ፕሮግራሞች የሚጠቀሙበት ዝግጁ ኮድ) ለሌላ ሥራ ሲባል ገብቷል። አዲሱ ሰው ዘንድ ከእነዚህ አንዱም የለም። ስለዚህ መመሪያው የአፕሊኬሽኑ አካል ተደርጎ ሊያዝ፣ ምንም ባልተጫነበት ማሽን ላይ ሊፈተን፣ ሲሰበርም እንደ ማንኛውም የኮድ ስህተት ሊታረም ይገባል።

መመሪያ ማንም ሳይነካው ይሰበራል። እ.ኤ.አ. በ2021 የወጣው ኖድ 17 (ጃቫስክሪፕትን ከብራውዘር ውጭ የሚያስኬደው ፕሮግራም) ኦፕንኤስኤስኤል 3 የተባለውን የምስጠራ ላይብረሪ ይዞ ሲመጣ ዌብፓክ 4 በተባለው የኮድ ማሸጊያ መሣሪያ የሚገነቡ ፕሮጀክቶች ግንባታቸው ይቋረጥ ጀመር፤ ዌብፓክ 4 የሚጠቀምበት ኤምዲ4 የተባለው የሃሽ (ከፋይል ይዘት አጭር መለያ የማውጣት) ስልት በአዲሱ ኦፕንኤስኤስኤል በነባሪ ዝግ ነውና። እ.ኤ.አ. በ2023 የወጣው የፓይተን ፕሮግራሚንግ ቋንቋ 3.12 ቨርዥን ደግሞ ፓኬጆችን ለመገንባትና ለመጫን የሚያገለግለውን ዲስትዩቲልስን አስወጣ፤ በእሱ ላይ የተደገፉ የቆዩ ፓኬጆችም አብረው ተደናቀፉ። «ኖድ ይጫኑ» ወይም «ፓይተን 3 ያስፈልጋል» የሚል መስመር በተጻፈበት ቀን ትክክል ነበር፤ ከዓመት በኋላ ግን ሰውን ወደ ገደል ይመራል። የተፈተነው ቨርዥን ቁጥሩ ይጻፍ። ቁጥሩም በጽሑፉ ውስጥ ብቻ አይቅር፤ ለኖድ ሲሆን ዶት ኤንቪኤምአርሲ በተባለው ፋይል ውስጥ ቢቀመጥ የኖድ ቨርዥኖችን የሚያስተዳድረው ኤንቪኤም ራሱ አንብቦ ተገቢውን ቨርዥን ይጭናል። በኖድ ፓኬጅ መጫኛው በኤንፒኤም ለአዲስ ሰው የሚሰጠውም ትዕዛዝ «ኤንፒኤም ኢንስቶል» ሳይሆን «ኤንፒኤም ሲአይ» ቢሆን ይሻላል። የመጀመሪያው የእያንዳንዱን ፓኬጅ ትክክለኛ ቨርዥን የሚመዘግበውን የሎክ ፋይል ሊቀይር ይችላል፤ ሁለተኛው ግን በሎክ ፋይሉ የተመዘገበውን ብቻ ይጭናል፣ የሎክ ፋይሉና የፓኬጅ ዝርዝሩ ካልተጣጣሙም ይቆማል።

ከቋንቋው ፓኬጆች ሥር የስርዓተ ክወናው ላይብረሪዎች አሉ፤ ብዙ ጊዜ የሚዘለሉትም እነዚህ ናቸው። ፓይተንን ከፖስትግሬስ ዳታቤዝ ጋር የሚያገናኘውን ሳይኮፒጂ2ን ከምንጭ ኮዱ ለመጫን የሲ ኮምፓይለርና የፖስትግሬስ ሄደር ፋይሎች ያስፈልጋሉ፤ ከሌሉ መጫኑ «ፒጂ ኮንፊግ አልተገኘም» ብሎ ይቆማል። ዴቢያን 12 በተባለው የሊኑክስ ስርዓተ ክወና ላይ የፓይተን ፓኬጅ መጫኛውን ፒፕን በቀጥታ የሚጠራ ሰው ደግሞ ፓይተኑ በስርዓተ ክወናው እንደሚተዳደር የሚገልጽ ስህተት ይገጥመዋል። መመሪያው ስለ ቨርቹዋል ኢንቫይሮመንት (ለአንድ ፕሮጀክት ብቻ ስለሚለየው የፓኬጆች ማስቀመጫ) ካልነገረው፣ መከላከያውን የሚያፈርስ አማራጭ ከኢንተርኔት አግኝቶ በመጨመር የራሱን ስርዓተ ክወና ሊያበላሽ ይችላል። ቨርቹዋል ኢንቫይሮመንቱን ለመፍጠር የሚያስፈልገው ፓኬጅም በዴቢያን ለብቻው የሚጫን ስለሆነ ስሙ በመመሪያው ላይ መኖር አለበት።

«ዶከር ስላለን ይህ ሁሉ አይመለከተንም» የሚል መልስ ይሰማል። ዶከር አፕሊኬሽኑን ከሚያስፈልገው ሁሉ ጋር ኮንቴነር በተባለ የተለየ ክፍል ውስጥ ስለሚያስኬድ ሸክሙን ያቀልላል፤ ይህ እውነት ነው። ግን የራሱ ወጥመዶች አሉት፣ እነሱም በመመሪያው ውስጥ እምብዛም አይታዩም። በርካታ ኮንቴነሮችን አብሮ የሚያስነሳው፣ በሰረዝ የሚጻፈው የቀድሞው የዶከር ኮምፖዝ ትዕዛዝ ከ2023 እ.ኤ.አ. አጋማሽ ወዲህ ማሻሻያ አይወጣለትም፤ ዛሬ የሚሠራው በክፍት ቦታ የሚለየው ነው፤ የድሮውን የሚያስተምሩ ገጾች ግን ዛሬም አሉ። ከዚህ የሚከፋው የሎካልሆስት ጉዳይ ነው። ሎካልሆስት አንድ ማሽን ራሱን የሚጠራበት አድራሻ ነው፤ በኮንቴነር ውስጥ ሎካልሆስት ማለት ራሱ ኮንቴነሩ እንጂ የተጠቃሚው ኮምፒውተር አይደለም፤ አፕሊኬሽኑ ዳታቤዙን በኮምፖዝ ፋይሉ ውስጥ በተሰጠው የሰርቪስ ስም መጥራት አለበት። በተቃራኒው ሰርቨሩ በኮንቴነሩ ውስጥ 127.0.0.1 (የሎካልሆስት ቁጥር) ላይ ብቻ ካዳመጠ ፖርቱ (የግንኙነት በሩ) ቢከፈትም ብራውዘሩ አይደርስበትም፤ 0.0.0.0፣ ማለትም ሁሉም የኮንቴነሩ አድራሻዎች፣ መሆን አለበት።

አንዱ ኮንቴነር ሌላውን እንዲጠብቅ የሚያዘው ዲፔንድስ ኦን የሚለው የኮምፖዝ ቅንብርም እንዲሁ ያታልላል። በነባሪ የሚጠብቀው የዳታቤዙ ኮንቴነር እስኪነሳ እንጂ ዳታቤዙ ጥያቄ ለመቀበል እስኪዘጋጅ አይደለም። ስለዚህ በመጀመሪያው ሙከራ አፕሊኬሽኑ «ግንኙነት ተከልክሏል» ብሎ ይወድቃል፣ በሁለተኛው ይሠራል፤ አዲሱ ሰውም ምን እንዳስተካከለ ሳያውቅ ያልፋል። መፍትሔው የፖስትግሬስን ዝግጁነት በሚጠይቀው ፒጂ ኢዝሬዲ የሚሠራ የጤና ምርመራ ጨምሮ አፕሊኬሽኑ ምርመራው እስኪያልፍ እንዲጠብቅ ማድረግ ነው፤ ጥቂት መስመር ይበቃዋል።

ሰዓታት የሚያስፈጀው ግን የይለፍ ቃሉ ነው። የፖስትግሬስ ይፋዊ ኢሜጅ (ኮንቴነሩ የሚነሳበት ጥቅል) ከኢንቫይሮመንት ተለዋዋጮች (ለፕሮግራሙ ከውጭ ከሚሰጡ የቅንብር እሴቶች) የሚያነበው የይለፍ ቃል የሚሠራው የዳታ ፎልደሩ ባዶ ሳለ፣ ማለትም በመጀመሪያው ማስነሻ ብቻ ነው። አንድ ሰው አንዴ አስነስቶ ከዚያ በቅንብር ፋይሉ ውስጥ የይለፍ ቃሉን ቢቀይር ዳታቤዙ አሮጌውን ይዞ ይቀጥላል፣ አፕሊኬሽኑ አዲሱን ይልካል፣ ማረጋገጫው ይወድቃል። ፋይሉን ሺህ ጊዜ ቢያነበው ስህተት አያገኝበትም። መመሪያው ይህንን በሁለት ዓረፍተ ነገር ገልጾ የዳታቤዙ ዳታ የሚቀመጥበትን ቮልዩም የሚያጠፋውን ትዕዛዝ፣ ትዕዛዙም በዳታቤዙ ውስጥ ያለውን ሁሉ እንደሚደመስስ ከሚናገር ማስጠንቀቂያ ጋር ማስፈር አለበት። ማስጠንቀቂያው ከትዕዛዙ በላይ ይቀመጥ፤ ሰው ትዕዛዙን ቀድቶ ካስገባ በኋላ ወደ ታች አያነብም።

ፖርቶችም ይጋጫሉ። በነባሪ ፖርቱ 5432 ላይ ቀድሞ የተጫነ ፖስትግሬስ ሊኖር ይችላል። ሞንተሬይ ከተባለው የማክኦኤስ ቨርዥን ጀምሮ ደግሞ የማክ ኤርፕሌይ ተቀባይ 5000ን ይይዛል፤ ይህም የፍላስክ (የፓይተን ዌብ ማዕቀፍ) ነባሪ ፖርት ነው። ፖርቱ ከአንድ የቅንብር መስመር የሚቀየር ሆኖ መስመሩ በመመሪያው ቢጠቀስ ይህ ሁሉ የአንድ ደቂቃ ሥራ ነው።

በዊንዶውስ ላይ የሚነሳው ዋና ችግር በዓይን አይታይም። የኮድ ለውጦችን የሚመዘግበው ጊት ፋይሎችን ሲያወርድ የመስመር መጨረሻቸውን ወደ ዊንዶውስ ስልት ከቀየረ፣ ኮንቴነሩ ውስጥ የሚነሳው የሼል ስክሪፕት ፋይሉ ቁልጭ ብሎ እያለ «እንዲህ ያለ ፋይል የለም» ይላል። ያልተገኘው ስክሪፕቱ ሳይሆን በመጀመሪያው መስመር የተጠራው አስፈጻሚ ነው፤ በስሙ መጨረሻ የማይታይ ምልክት ተለጥፏል። የሼል ስክሪፕት መስመሮች ሁልጊዜ በኤልኤፍ (በሊኑክስ የመስመር መጨረሻ) እንዲያልቁ የሚያዝ አንድ መስመር በዶት ጊትአትሪቢዩትስ ውስጥ ቢገባ ችግሩ ከምንጩ ይደርቃል። ሊኑክስን በዊንዶውስ ውስጥ የሚያስኬደውን ደብሊውኤስኤል 2ን ለሚጠቀሙ ደግሞ ኮዱን በሲ ድራይቭ ላይ ሳይሆን በሊኑክሱ የቤት ፎልደር ውስጥ እንዲያስቀምጡ ይነገራቸው፤ ካልሆነ ፋይል ማንበብ ይዘገያል፣ ኮድ ሲቀየር አፕሊኬሽኑ በራሱ አይታደስም።

ሌላው ትልቅ ጉድለት መመሪያዎች ምን እንደሚደረግ ብቻ መናገራቸው ነው፤ ምን መታየት እንዳለበት አይናገሩም። ከእያንዳንዱ ወሳኝ እርምጃ በኋላ የሚጠበቀው ውጤት ይጻፍ፦ ማይግሬሽኑ (የዳታቤዙን ሰንጠረዦች የሚያዘጋጀው እርምጃ) ሲያልቅ ምን ይላል፣ ሰርቨሩ ሲነሳ የመጨረሻው የሎግ መስመር የትኛው ነው፣ በየትኛው አድራሻ ምን ገጽ ይከፈታል፣ በየትኛው ስምና የይለፍ ቃል ይገባል። ፋይል የሚቀዳው ትዕዛዝ ምንም ሳይል ከተመለሰ ሥራውን ጨርሷል ማለት እንደሆነም ለማያውቅ ሰው ይነገር። ናሙና ዳታ የሚያስገባ ትዕዛዝ ደግሞ የግድ ነው፤ ባዶ ገጽ ላይ ያፈጠጠ ሰው ተሳክቶለት ይሁን ተበላሽቶበት አያውቅም። ከትዕዛዝ በፊት የሚጻፈው የዶላር ምልክትም ይውጣ፤ አብሮ ሲቀዳ ትዕዛዙን ያበላሸዋል።

ፕሮጀክት የሚመሩ ሰዎች ብዙዎቹ በትርፍ ጊዜያቸው የሚሠሩ በጎ ፈቃደኞች ናቸው፤ ጊዜ የላቸውም የሚለው መከራከሪያ ክብደት አለው። ግን ይኸው ጊዜ ነው ለተመሳሳይ ጥያቄ ደጋግሞ መልስ በመጻፍ የሚያልቀው። «መጫን ያቃተው ማበርከትም አይችልም» የሚለው ግን ፈጽሞ ትክክል አይደለም። ተርጓሚው፣ ዲዛይነሩ፣ ተደራሽነትን የሚፈትሸው ሰው አፕሊኬሽኑ ያስፈልጋቸዋል፤ ስለ ቮልዩም ማወቅ አይጠበቅባቸውም።

ፈተናው ራሱ ቀላል ነው። የመመሪያው ትዕዛዞች በሳምንት አንድ ጊዜ፣ ኮድ ባይቀየርም፣ በራስ ሰር ይሮጡ፤ የሚሰብራቸው ብዙ ጊዜ ከውጭ የሚመጣ ለውጥ ነውና። ፈተናን በራስ ሰር በሚያስኬደው በጊትሃብ አክሽንስ የኡቡንቱ ማሽን ላይ በቀጥታ ማሮጥ ግን አይበቃም፤ ኖድም ፓይተንም ፖስትግሬስም ቀድመው ስለተጫኑበት የጎደለውን ይሸፍናል። በባዶ የዴቢያን ኮንቴነር ውስጥ ይሩጥ። ማሽን የማይይዘውን ደግሞ ሰው ይይዘዋል፦ አፕሊኬሽኑን ጭኖ የማያውቅ አንድ ሰው መመሪያውን ይዞ ይቀመጥ፣ አጠገቡ ያለው አዋቂ ምንም ሳይናገር የቆመበትን ቦታ ሁሉ ይመዝግብ። የመጀመሪያው እርማት ከዚያ ዝርዝር ይጀምር። ከዚያ በኋላ አዲስ የኢንቫይሮመንት ተለዋዋጭ የሚጨምር ለውጥ በናሙና የቅንብር ፋይሉ ውስጥ መስመሩን ሳያስገባ ከመጣ፣ ኮዱ የቱንም ያህል ቢያምር፣ ገምጋሚው ይመልሰው።