ለበቆሎው ጠበቆች ዕድሜ ይስጥልን

አሜሪካ ገጠር ውስጥ አንድ ገበሬ መሬቱን ለሶላር፣ ማለትም ለፀሐይ ኃይል ማመንጫ፣ ሊያከራይ ነው የሚል ወሬ በተሰማ በሳምንቱ፣ ለእርሻ መሬት የሚቆረቆር ሰው እንደ ክረምት እንጉዳይ ይፈላል። እሰይ! እስከ ትናንት ያ ማሳ በቆሎ ይዘራበት አኩሪ አተር ልብ ብሎ የማያውቅ ጎረቤት፣ ዛሬ «አፈራችንን አናስነካም» የሚል ሰሌዳ ደጁ ላይ ይተክላል። እንዲህ ያለ ፍቅር በየት አገር ይገኛል?

ነገሩን ላልሰማ፦ እዚህ ሚኒሶታ ከ2013 (እ.ኤ.አ.) ጀምሮ ኮሚዩኒቲ ሶላር የሚሉት አሠራር በሕግ ተፈቅዷል። የራሱ ጣሪያ የሌለው ሰው፣ ማለትም እንደ ብዙዎቻችን አፓርታማ የተከራየ፣ ሌላ ቦታ ከተተከለ የፀሐይ ማመንጫ ድርሻ ይይዛል፤ ድርሻው ከወር የመብራት ሒሳቡ ላይ ይቀነስለታል። ማመንጫው ታዲያ ደመና ላይ አይተከል ነገር። ለአንድ ሜጋ ዋት ከ5 እስከ 10 ኤከር (ኤከር ከግማሽ ሄክታር ያንሳል) ይፈልጋል፤ ያውም የኤሌክትሪክ መስመር የቀረበው መሬት። ኩባንያው ለገበሬው ደብዳቤ ይጽፋል፣ ገበሬው ጠበቃ ያማክራል፣ ሃያ ሃያ አምስት ዓመት የሚቆይ ውል ይፈርማሉ። ኪራዩ ያንኑ ማሳ ለበቆሎ ቢያከራይ ከሚያገኘው ብዙ እጥፍ ነው። ውሉ ሲያልቅ ብረቱ ተነቅሎ መሬቱ ይመለስለታል። ዕድሜው የገፋ፣ ልጆቹ ከተማ የቀሩበት ሰው ይህን እምቢ የሚልበት ምክንያት አይታየውም። ደግነቱ ጎረቤቶቹ ከእሱ በላይ ለእሱ ያውቃሉ። ከሩቅ ዘመድ የቅርብ ጎረቤት የተባለው ለካ ለዚህ ኖሯል።

ፈቃዱን የሚያየው የካውንቲው፣ ማለትም የወረዳው አስተዳደር፣ ስብሰባ ላይ ገብታችሁ እዩልኝ። ለአንድ ተናጋሪ ሦስት ደቂቃ ነው። አንዱ ይነሳና «ጠዋት ጠዋት ቡናዬን ይዤ በወጥ ቤቴ መስኮት የማየው ይህንን ማሳ ነው» ይላል፣ ድምፁ እየተንቀጠቀጠ። የእሱ ወጥ ቤት የቆመበት ቦታም በቅርቡ ማሳ ነበር ብሎ የሚያሳፍረው ባለጌ ግን አዳራሹ ውስጥ የለም። ቀጥሎ አንዷ የቤቷ ዋጋ ይወርዳል ብላ ታለቅሳለች። ሌላው ኢንቨርተሩ፣ ያ የፀሐዩን ኃይል ለመስመር የሚመጥን ኤሌክትሪክ የሚያደርገው መሣሪያ፣ እዝዝ እያለ እንቅልፍ ሊነሳን ነው ይላል፤ በመኸር የእህል ማድረቂያው ማራገቢያ ሌሊቱን ሙሉ ሲያጓራ ማደሩ እሱ የአገር ወግ ነው፣ አይቆጠርም። ገበሬው ኋላ ወንበር ላይ ኮፍያውን ጉልበቱ ላይ አድርጎ ይሰማል። መሬቱ የእሱ፣ ግብሩ የእሱ፣ የባንክ ዕዳው የእሱ፤ እይታው ብቻ የጎረቤት። ከዚህ የበለጠ ፍትሐዊ ክፍፍል ከወዴት ይመጣል?

በሳይንስም አይታሙም። ኖርዝ ካሮላይና ውስጥ ዉድላንድ የምትባል ትንሽ ከተማ አለች። በ2015 መጨረሻ የከተማዋ ምክር ቤት የሶላር ጥያቄ ሲያይ፣ አንድ ነዋሪ ፓነሎቹ የፀሐይን ጉልበት መጠው ይጨርሱታል ሲሉ ሥጋታቸውን እንደገለጹ የአካባቢው ጋዜጣ ጻፈ። ምክር ቤቱም ጥያቄውን ውድቅ አደረገ። ፀሐይ ይኸው እስከ ዛሬ አለች። ውለታቸውን ማን ይከፍላል?

ዋናው መከራከሪያቸው ግን ምግብ ነው። «ሰው ምን ሊበላ ነው?» ይላሉ። ከአሜሪካ በቆሎ ሲሶው ያህል ኢታኖል የሚሉት ነዳጅ ሆኖ መኪና ውስጥ እንደሚገባ የሚያነሳ ቢገኝ፣ እሱ አንጀት የሌለው ነው፤ መኪናስ አይርበውም? ከ2001 እስከ 2016 ባለው ጊዜ 11 ሚሊዮን ኤከር የእርሻ መሬት ለቤትና ለከተማ መስፋፊያ እንደዋለና እንደተቆራረጠ አሜሪካን ፋርምላንድ ትረስት የሚባለው የእርሻ መሬት ተቆርቋሪ ድርጅት አስልቶታል። ያኔ ጠበቆቻችን የት ነበሩ? ሥራ ላይ ነበሩ፤ ቤት እየገዙ። ሶላርና ንፋስ ተደምረው በ2020 የያዙት የገጠር መሬት፣ የግብርና ሚኒስቴሩ እንደሚለው፣ ግማሽ ሚሊዮን ኤከር እንኳ አይሞላም። ይህ ነው እንግዲህ አገር የሚያጠፋው።

ደግሞ ሌላ ነውር አለ፦ ፓነሎቹ ሥር በግ ያሰማራሉ። ሣሩን በማሽን ከማጨድ በግ ይቀላል ብለው። ለፋሲካ በግ ፍለጋ ገጠር ለገጠር የምንዞር ሐበሾች ይህን ስንሰማ ልባችን ቢሞቅም፣ ጠበቆቹ ግን አይሸነገሉም፤ እርሻ ማለት በቆሎ ነው፣ በግ የኩባንያው ማታለያ ነው።

የእኛ ሰዎችም ቢሆኑ ወግ ተምረዋል፣ አይታሙ። አፓርታማ ሳለ ሒሳቤ ቀነሰልኝ ብሎ ኮሚዩኒቲ ሶላርን ሲመርቅ የነበረ ወዳጄ፣ ከከተማ ወጣ ብሎ ቤት በገዛ ማግስት «ሶላር እኮ ጥሩ ነገር ነው፤ ግን እዚህ ምን አመጣው?» ማለት ጀምሯል። ዜግነቱን ያኔ ነው በትክክል ያገኘው።

ካውንቲውን የሚመሩት ኮሚሽነሮችም አስተዋይ ናቸው። ነገሩ ይጠና ይላሉ፤ ጥናቱ እስኪያልቅ ለአንድ ዓመት ይታገድ ይላሉ፤ ዓመቱ ሲሞላ ይራዘማል። ኩባንያው ሌላ ካውንቲ ይሄዳል። ገበሬው ሲሰለቸው ማሳውን ለቤት ሠሪ ይሸጣል። ለዚህ የሚጠራ ስብሰባ ላይ ሁለት ሰው ቢገኝ ነው፣ አንደኛው ቤት ሠሪው ራሱ ነው። በዓመቱ ማሳው ላይ ጋራዥ ያላቸው ቤቶች ይደረደራሉ። አዲሶቹ ነዋሪዎች ዕቃቸውን ገና ከካርቶን ሳያወጡ፣ ከመንገዱ ማዶ ያለው ገበሬም ደብዳቤ ደርሶታል የሚል ወሬ ይሰማሉ፤ የሰሌዳ ማተሚያ ቤቱም ለብዙ ትዕዛዝ ቅናሽ ያደርግላቸዋል።